ቀን ቆራጯ ጨረቃ

ሮኬት የሚነሣበትን ቀን የሚቆርጡት ሰዎች ይመስላሉ። ኃላፊዎች ጋዜጠኛ ሰብስበው ቀንና ሰዓት ይናገራሉ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፕሮግራማቸውን ያስተካክላሉ፤ በአካባቢው ያሉ ሆቴሎች ይሞላሉ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2022 አርቴሚስ 1 የተባለውን ሰው አልባ በረራ ወደ ጨረቃ ለመላክ ሲሰናዳ ግን ቀን የመቁረጡ ሥልጣን ከኃላፊዎቹ እጅ ወጥቶ ተበታትኖ ነበር። ከፊሉ ጨረቃ ዘንድ፣ ከፊሉ ባትሪ ውስጥ፣ ከፊሉ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከፊሉም የነዳጅ ቱቦ ከሮኬቱ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ባለች አንዲት ጓርኒሲዮን ላይ። (በዚህ ምዕራፍ ዓመቱና ወሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን እንደኛው ነው።)

ሰው ያልተሳፈረበት ምክንያት ቀላል ነው። መንኮራኩሯ ኦራየን ከጨረቃ ስትመለስ ከባቢ አየርን የምትገባው በሰዓት 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች ነው። ከሥሯ የተገጠመው፣ 5 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሙቀት ጋሻ 2,760 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ይጠብቀዋል። ይህን ፍጥነት፣ ይህን ሙቀትና ይህን የሚያህል ጋሻ በአንድ ላይ የሚፈትን ቤተ ሙከራ ምድር ላይ የለም። ኦራየን በዲሴምበር 2014 ያለ ሰው ምድርን ሁለት ጊዜ ዞራ ተመልሳለች፤ ያኔ ግን ፍጥነቷ 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የቀረውን 8,000 የሚያውቀው ከጨረቃ የተመለሰ ብቻ ነው። የበረራው ኃላፊ ማይክ ሳራፊን የጉዞውን ዓላማዎች በቅደም ተከተል ሲያስረዱ አንደኛ ያደረጉት ይህንኑ ጋሻ ነበር።

ባዶ መንኮራኩር አስቀድሞ መላክ የቆየ ልማድ ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 1967 አፖሎ 4 ግዙፉን ሳተርን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሣች። ከዚያ በፊት የተደረገው የቆጠራ ልምምድ በቀናት ያልቃል ተብሎ ሳምንታት ፈጅቶ ነበርና፣ የአርቴሚስ ሰዎች የገጠማቸው ጣጣ አያቶቻቸውም የሚያውቁት ነው። ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ በሴፕቴምበር 1968 ዞንድ 5 በተባለች መንኮራኩር ሁለት ኤሊዎች አሳፍራ ጨረቃን አዙራ መለሰች። ኤሊዎቹ በሕይወት ተመለሱ። መንኮራኩሯ ግን በታሰበላት መንገድ ሶቪየት ምድር ላይ ማረፍ ተስኗት ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀች።

የአርቴሚስ 1 የቀን መቁጠሪያ ሲታይ ወሩ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ዝግ።

ጨረቃ ምድርን ዞራ ለመጨረስ 27 ቀን ከሩብ ያህል ይፈጅባታል፤ ምድርም ከሥሯ በየቀኑ ትሽከረከራለች። ኦራየንን ከምድር ምሕዋር አውጥቶ ወደ ጨረቃ የሚገፋት የሮኬቱ የላይኛው ክፍል ነዳጁ የተመጠነ ነው፤ 18 ደቂቃ ያህል ነድዶ ሥራውን ይጨርሳል። የሚያነጣጥረውም ጨረቃ ዛሬ ባለችበት ላይ ሳይሆን መንኮራኩሯ ስትደርስ በምትገኝበት ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ ነዳጁ ከሚያደርሰው ውጪ ከሆነ ቀኑ አይታሰብም። በዚያ ላይ ጨለማ አለ። ኦራየን ኤሌክትሪኳን የምታገኘው በጀርመን ብሬመን ከተማ በተሠራላት የአገልግሎት ክፍል ላይ ከተገጠሙ አራት የፀሐይ ኃይል ክንፎች ነው። በአንድ ጊዜ ከ90 ደቂቃ በላይ ጥላ ውስጥ እንድትቆይ አይፈለግም፤ ባትሪዋም ይደክማል፣ ሰውነቷም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የዛሬ መነሻ ከሳምንታት በኋላ ረጅም ግርዶሽ ውስጥ የሚከታት ከሆነ ዛሬ መነሣት ቀረ ማለት ነው።

መመለሻውም የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ኦራየን የምትገባው ልጆች ሐይቅ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውረው ውኃ ላይ እንደሚያዘልሉት ዓይነት ነው፤ ከባቢ አየርን አንዴ ነክታ መልሳ ከፍ ትልና እንደገና ትገባለች። እንዲህ ማድረጓ ሙቀቱን ለሁለት ይከፍልላታል፤ የምታርፍበትንም ቦታ አርቆ ለመምረጥ ያስችላል። ይህ የሚሆነው ግን ምድርና ጨረቃ በሚያመች አቀማመጥ ላይ ሲሆኑ ነው። በመጨረሻም ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስታርፍ ቀን መሆን አለበት፤ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች በጨለማ እንዲፈልጓት አይፈለግም። ስለዚህ ፍሎሪዳ ላይ የምትነሣበት ደቂቃ ከሳምንታት በኋላ ካሊፎርኒያ በኩል ፀሐይ መውጣት አለመውጣቷን አስቀድሞ ይወስናል።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ ክፍት በሆነው ቀን ውስጥ እንኳ የመነሻው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ለሴፕቴምበር 27 ታስቦ የነበረው 70 ደቂቃ ብቻ ነበር። የጉዞው ርዝመትም ከቀኑ ጋር ይለዋወጣል። ኦገስት 29 ቢነሣ ኖሮ 42 ቀን ይፈጅ የነበረው ይኸው ጉዞ፣ ኖቬምበር 16 ሲነሣ 25 ቀን ተኩል ሆኗል።

ሰማዩ ይህን ያህል ከጠየቀ ምድር ላይ ያሉት ደግሞ የራሳቸውን ቀን መቁጠር ይጀምራሉ። በሮኬቱ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ጠጣር ነዳጅ ማስወንጨፊያዎች እያንዳንዳቸው አምስት ክፍል አላቸው። ክፍሎቹ እርስ በርስ ከተገጠሙበት ቀን ጀምሮ መጋጠሚያዎቹ የ12 ወር ዕድሜ ተሰጥቷቸው ነበር። የመደራረቡ ሥራ የተጀመረው በኖቬምበር 2020 ሲሆን በማርች 2021 ተጠናቀቀ፤ መነሻው ሲዘገይ መሐንዲሶች ተጨማሪ ምርመራና ስሌት እየሠሩ ገደቡን አራዘሙት። ከዚህ የባሰው አስቸጋሪ ደግሞ የማጥፊያው ባትሪ ነው። ሮኬቱ መንገድ ስቶ ወደ መኖሪያ አካባቢ ቢያመራ ከምድር በሬዲዮ ትእዛዝ የሚያፈነዳው መሣሪያ አለ። መሣሪያው በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጠው መገጣጠሚያው ሕንፃ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ማረጋገጫው የሚያገለግለው 20 ቀን ነው። የአሜሪካ የጠፈር ኃይል ይህን ወደ 25 ቀን ከፍ አድርጎት ነበር። ያ ሲያልቅ ሮኬቱ እንከን ባይኖርበትም ወደ ሕንፃው መመለስ አለበት።

መመለስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሮኬቱ 98 ሜትር ቁመት አለው። ከሕንፃው እስከ 39ቢ ማስወንጨፊያ ያለው መንገድ 6 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር ነው። የሚሸከመው በአፖሎ ዘመን የተሠራ፣ በሰንሰለት እግር የሚሄድ ግዙፍ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ ከሰው እርምጃ በታች እየዳኸ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ2010 ያወጣው ሕግ ይህ ሮኬት በ2016 መጨረሻ እንዲደርስ ይጠይቅ ነበር። ዋናው አካሉ ሚሲሲፒ ውስጥ በሚገኘው ስቴኒስ ማእከል ተሞክሮ ያለፈው ግን በ2021 ነው። ቀድሞ በጠፈር መመላለሻዎቹ ላይ ያገለገሉት አራቱ ሞተሮች ጃኑዋሪ 16 ቀን አብረው ተለኮሱ። ከስምንት ደቂቃ በላይ እንዲነዱ ታስቦ በ67 ሰከንድ ጠፉ። ማርች 18 ቀን በድጋሚ ተሞክረው 499 ሰከንድ ተኩል ያህል ነደዱ፤ ያ አካል በአፕሪል መጨረሻ በውኃ ተጓጉዞ ፍሎሪዳ ደረሰ። ኦራየን በኦክቶበር 2021 ከጫፉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሮኬቱን ነዳጅ ሞልቶ፣ ቆጠራውን እስከ መጨረሻው ሰከንዶች አድርሶ ማቆም ነበር። ይህ ልምምድ በረራው ራሱ ማለት ነው፤ የሚቀረው መለኮሱ ብቻ ነው። ሮኬቱ ለዚሁ በማርች 2022 ወጣ። በአፕሪል ሦስት ጊዜ ተሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ቆመ። አንዴ የማስነሻ ማማው አየር ማስገቢያ ማራገቢያዎች አልሠራ አሉ፤ አንዴ ከውጭ የሚመጣው የናይትሮጂን ጋዝ አቅርቦት ተጓደለ፤ አንድ የሂሊየም ቫልቭ አስቸገረ፤ ሃይድሮጂንም አፈሰሰ። ሮኬቱ ወደ ሕንፃው ተመለሰ፣ ተጠግኖ በጁን እንደገና ወጣ። ጁን 20 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታንኮቹ ሙሉ በሙሉ ሞሉ፤ ቆጠራው ሊያልቅ 29 ሰከንድ ሲቀረው ቆመ። አንድ የሃይድሮጂን መጋጠሚያ እያፈሰሰ ነበር።

ናሳ እዚህ ላይ የወሰነው ውሳኔ የሚያከራክር ነው። ከልምምዱ የሚፈለገው አብዛኛው ተገኝቷልና ሌላ አያስፈልግም ተባለ። መጋጠሚያው በሕንፃው ውስጥ ተጠገነ። ይሁን እንጂ ሃይድሮጂን ዕቃው በቀዘቀዘ ጊዜ እንጂ በሞቀ ጊዜ አመሉን አያሳይም፤ ጥገናው በትክክል መያዙን ለማወቅ ነዳጅ መሙላት ያስፈልጋል። ያን ማድረግ ሳምንታት ይበላ ነበር። ሳምንታቱ ተቆጠቡ፤ የተቆጠቡትም በኋላ ከነወለዳቸው ተከፈሉ።

ሃይድሮጂን ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር መረዳት ይገባል። ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ክብደቱ ትንሹ ነው፤ ለሌላ ጋዝ ጥብቅ የሆነ መጋጠሚያ ለሱ በር ይሆንለታል። ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ሞቃታማው የፍሎሪዳ አየር ላይ የነበረ ብረት በድንገት ይህን ቅዝቃዜ ሲያገኝ ይኮማተራል፤ ብረቱና ማሸጊያው የሚኮማተሩት እኩል ስላልሆነ ክፍተት ይፈጠራል። በዋናው አካል ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ ሃይድሮጂን 2 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነው። መጋጠሚያው ደግሞ እንደ ተራ ቱቦ በቡሎን ታስሮ የሚቀር አይደለም። ሮኬቱ በሚነሣበት ቅጽበት ራሱ ተላቆ መቅረት አለበት፤ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ግን ጠብታ ማሳለፍ የለበትም።

የተቆረጡት ቀኖች ሦስት ነበሩ፤ ኦገስት 29፣ ሴፕቴምበር 2 እና ሴፕቴምበር 5። ኦገስት 29 ቀን ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ተገኝተዋል፤ የባሕር ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። መነሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ላይ ነበር። ሞተሮቹ ከመለኮሳቸው በፊት በሃይድሮጂን መቀዝቀዝ አለባቸው፤ ሦስተኛው ሞተር በቂ አለመቀዝቀዙን ሴንሰሩ ነገረ። ቀኑ ተሰረዘ። በኋላ ሲጣራ ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ የተሳሳተው ሴንሰሩ ነው። እንዲህም ሆኖ መሰረዙ ስሕተት አልነበረም፤ ውሳኔው የሚሰጠው በዚያች ሰዓት በሚታወቀው ነገር ነውና።

ቀጣዩ ቀን ወደ ሴፕቴምበር 3 ተዛውሮ በድጋሚ ተሞከረ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሃይድሮጂን ቱቦ ከሮኬቱ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ትልቅ ፍሳሽ ታየ። መጋጠሚያውን አሙቀው መልሰው በማቀዝቀዝ እንዲገጥም ለማድረግ ሞከሩ፤ ደጋገሙት፤ እምቢ አለ። በቀጣዮቹ ቀናት ሠራተኞቹ ማስወንጨፊያው ላይ እንዳለ ማሸጊያውን ፈተው አወጡት። የተገኘበት ጉዳት በዓይን ተፈልጎ የሚገኝ፣ ከሩብ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስርጉድ ነበር። አዲስ ተገጠመለት፤ ነዳጁም ከእንግዲህ በዝግታና በዝቅተኛ ግፊት እንዲሞላ ተወሰነ። ሴፕቴምበር 21 ቀን መሙላቱ ብቻ ተሞከረና ተሳካ። በጁን የተዘለለው ልምምድ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ደረሰ። ለሴፕቴምበር 27 የተቆረጠው ቀን ኢያን በተባለው ማዕበል ምክንያት ቀረ፤ ሮኬቱ በዋዜማው ሌሊት ወደ ሕንፃው መመለስ ጀመረ። በኖቬምበር መጀመሪያ ተመልሶ ወጣ። ገና ማስወንጨፊያው ላይ ከመቆሙ ኒኮል የተባለች ሌላ ማዕበል መጣች። በዚህ ጊዜ ማስገባት አልተቻለም፤ ነፋሱ በርትቶ መንገድ ላይ ሊያገኘው ስለሚችል እዚያው ታስሮ መቆየቱ ይሻላል ተባለ። ሮኬቱ 18 ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲችል ነው የተሠራው። ኒኮል ኖቬምበር 10 ቀን ፍሎሪዳን ስትመታ በዚያ ከፍታ የተለካው 132 ነበር። አምስት ኪሎ ሜትር በሰዓት! ከኦራየን አጠገብ ያለ የማሸጊያ ቅብ ከመላጡ በቀር ብዙም አልደረሰበትም፤ ለኖቬምበር 14 የነበረው ቀን ወደ 16 ተላለፈ።

ኖቬምበር 15 ማታ ነዳጁ እየተሞላ ሳለ አሁንም ሃይድሮጂን አፈሰሰ፤ በዚህ ጊዜ ከሮኬቱ ሳይሆን ከማማው ሥር ካለ ቫልቭ። ቫልቩ የታንኩን መጉደል እየተካ የሚሞላ ስለሆነ ያለሱ አይሆንም። ከሩቅ ሆኖ ማጥበቅ አይቻልም። ሦስት ሠራተኞች ወደ ማስወንጨፊያው ተላኩ። ከእነርሱ በላይ ነዳጅ የተሞላ ሮኬት ቆሟል፤ ሲሞላ ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺሕ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ነዳጁ እየተነነ ይጮኻል፣ ብረቱ እየተኮማተረ ይንቋቋል። ሰዎቹ የቫልቩን ዳዶዎች አጥብቀው ተመለሱ። በዚያው ሰዓት ሮኬቱን የሚከታተለው ራዳር ሲግናል ጠፋ፤ ሲፈተሽ አንድ የኔትወርክ ስዊች ተበላሽቷል። ማንኛውም ቢሮ ውስጥ ያለ፣ ኢንተርኔት የሚያከፋፍል ዓይነት ዕቃ ነው። እሱ እስኪቀየር የመነሻው ሰዓት አለፈ።

በሮኬት ማስነሣቱ ሥራ በዚህ ቦታ የመጀመሪያዋ ሴት ኃላፊ የሆኑት ቻርሊ ብላክዌል-ቶምፕሰን ከየክፍሉ «ዝግጁ» የሚለውን መልስ ከሰበሰቡ በኋላ፣ በፍሎሪዳ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ሮኬቱ ተነሣ። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ47 ነበር፤ ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም.።

የመዘግየቱን ዋጋ የከፈሉት ሌሎችም ነበሩ። ከኦራየን በታች ባለው ቀለበት ውስጥ የጫማ ሣጥን የሚያካክሉ አሥር ትንንሽ ሳተላይቶች ተሳፍረው ነበር። የተጫኑት በ2021 ሲሆን፣ በጥበቃው ረጅም ወራት የአንዳንዶቹን ባትሪ መልሶ መሙላት አልተቻለም። አስትሮይድ ልትጎበኝ የነበረችው ኒያ ስካውት ከሮኬቱ ከተለየች በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። ጨረቃ ላይ ልታርፍ የነበረችው የጃፓኗ ኦሞቴናሺ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያዋን ወደ ፀሐይ ማዞር ሳትችል ቀረች። የጨረቃን ውኃ ልትፈልግ የሄደችው ሉና ሃይ-ማፕ ደግሞ የሞተሯ ቫልቭ ተጣብቆ አልከፈት አላት። ሁሉም የጠፉት በመዘግየቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ትልቁ ሮኬት ሲጠበቅ የትንንሾቹ ዕድሜ ይቆጠር እንደነበር አያጠያይቅም።

በኦራየን ውስጥ የተቀመጡት አሻንጉሊቶች ሕይወት የሌላቸው ስለሆኑ ከሁሉም ዕድለኞች ናቸው። የአዛዡን ወንበር የያዘው አፖሎ 13ን ለማዳን ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ በሆኑት በአርቱሮ ካምፖስ ስም ተሰይሟል። ሄልጋና ዞሃር የተባሉት ሁለቱ የሴት አካል ቅርጾች የጀርመንና የእስራኤል የጋራ ሙከራ የጨረር መለኪያዎች ሲሆኑ፣ ዞሃር በእስራኤል የተሠራ የጨረር መከላከያ ሰደርያ ለብሳ ነበር፤ ሄልጋ አልለበሰችም። ልዩነታቸው ነው የሚለካው።

ኦራየን ኖቬምበር 21 ከጨረቃ ገጽ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ አለፈች፤ በአፖሎ 13 የተያዘውን 400,171 ኪሎ ሜትር የሰው ማመላለሻ መንኮራኩር የርቀት ክብረ ወሰን አልፋ፣ ኖቬምበር 28 ከምድር 432,210 ኪሎ ሜትር ራቀች። ዲሴምበር 11 ስትመለስ ሳን ዲዬጎ አካባቢ አየሩ ስለተበላሸ ማረፊያዋ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተዛወረ። ይህን ማድረግ የተቻለው ከባቢ አየርን ነክታ በመዝለሏ ነው። በቦታው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40፣ በቀን ብርሃን፣ ሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ አረፈች።

ከዚያ ጋሻው ተገለበጠ። ከመቶ በሚበልጡ ቦታዎች የተቃጠለው ንጣፍ መሐንዲሶቹ ባልጠበቁት መንገድ ተቦርቡሮ ወጥቶ ነበር። በውስጧ ሰው ቢኖር ደኅና ይሆን ነበር ቢባልም ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀ። ናሳ በዲሴምበር 2024 እንዳስታወቀው፣ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል መንኮራኩሯ ከፍ ባለችበት ጊዜ በንጣፉ ውስጥ የተፈጠረ ጋዝ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ሰነጣጠቀው። ያ የመዝለል ዘዴ ማረፊያውን ያዛወረው፣ የመነሻውንም ቀን የወሰነው ነው። ሰው ለሚሳፈርበት አርቴሚስ 2 የተሠራው ጋሻ በዚያን ጊዜ ከመንኮራኩሯ ጋር ተገጥሞ ነበርና ከሚፈታ ይልቅ የመመለሻው መንገድ እንዲለወጥ ተመረጠ፤ በረራውም ወደ አፕሪል 2026 መገፋቱ በዚያው መግለጫ ተነገረ።